ሦስት ቤት የተገኘላቸው እስረኛ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ፍርድ ቤት አቶ መኮንን ከእስር ይፈቱ የሚለውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። በአማርኛ ሬዲዮ ዘጋቢነት ሥራ የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው።

አቶ መኮንን ወንጀል አልሠሩም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያቸው እስኪወሰን ይሰወራሉ ተብለው ፎርቫር፣ ማለትም የስደተኞች ማቆያ፣ ገብተው ነበር። የሚያስፈልጋቸው ቋሚ አድራሻ እንዳላቸው የሚመሰክር አንድ ሰው ነው። ሦስት ተገኙ።

ጠበቃቸው ኤቫ ለምስክርነት የጠራችው አከራያቸውን ወይዘሮ ጽጌን ብቻ ነው። እሳቸውም አካላ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት ይኖራሉ አሉ። ሁለት ወዳጆች ግን ጠበቃዋን ላለማስቸገር በየፊናቸው ለፍርድ ቤቱ ጽፈው ኖሯል። አቶ በላይ፣ ቬሊንግቢ ሰፈር እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው ብለዋል። የሶልናዋ ነርስ አልማዝ ደግሞ እሷ ቤት የራሳቸው ክፍል እንዳላቸው፣ መጋረጃውም ሰማያዊ እንደሆነ ገልጻለች። ዳኛዋ፣ ሦስት ቦታ የሚኖር ሰው የት እንደሚገኝ አይታወቅም ብለው ወሰኑ።

ለአለቃዬ ለጋሽ ንጉሤ ደወልኩ። "ወዳጆቻቸው በፍቅር አሰሯቸው ልበል?"

"ውድቅ ሆነ በልና ምክንያቱን አስከትል። ፍቅሩን አድማጭ ይደርስበታል።"

ኤቫ ለይግባኙ ሦስቱንም ቢሮዋ ሰበሰበች። አልማዝ ታስተረጉማለች፤ እኔ ጥግ ይዤ እጽፋለሁ። ይግባኙ ከመታየቱ በፊት እንዲታይ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ኤቫ አስረዳች።

"ለማንኳኳትም ማስፈቀድ አለብን?" አሉ አቶ በላይ።

ኤቫ አልሳቀችም። "አቶ መኮንን የሚያድሩት የት ነው?"



"እኔ ጋ" አሉ ወይዘሮ ጽጌ። "እነሱ ጋ እሁድ እሁድ ይበላሉ።"

"እንግዲያው ሁለታችሁ ቤታችሁ እንደማይኖሩ ፈርሙ።"

አቶ በላይ ብዕሩን አልነኩትም። "ታስሮ እያለ ቤቴ ቤቱ አይደለም ብዬ ልፈርም? ሲወጣ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ካልፈረሙ አይወጡም።"

"ጋሽ በላይ፣ ይፈርሙ" አለች አልማዝ። "እኔ ፈርሜያለሁ። መጋረጃው የልጄ ነው።"

ፈረሙ። ከፊርማቸው ሥር "በፈለገ ጊዜ ግን ይምጣ" ብለው ሊጨምሩ ሲሉ ኤቫ ወረቀቱን ሳበችው።

የይግባኙ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰጠ፤ ጉዳዩንም አይቶ፣ አካላ እየኖሩ በየጊዜው ፖሊስ ዘንድ እንዲቀርቡ ወስኖ ፈታቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ችሎት ዘግቤያለሁ። ለወዳጃችሁ ከመመስከራችሁ በፊት ጠበቃውን አነጋግሩ።

በተፈቱበት ቀን ማቆያው በር ላይ ሦስት መኪና ቆሟል። አቶ መኮንን ወይዘሮ ጽጌ መኪና ውስጥ ገቡ። ሻንጣቸውን አቶ በላይ ጭነው ወደ ቬሊንግቢ ነዱ።