የደብሪቱ ዓይን በታየች መዝገብ

ታየች ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያለችው የይጁቤ ከተማ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣ ሳለ፣ በ1992 ዓ.ም. ለዓይን በሽታ ጥናት ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ሲፈለግ ተቀጠረች። በየዓመቱ ኅዳር ላይ እነዚያኑ ስልሳ ቤቶች ትዞራለች። ውሃው ምን ያህል ያስኬዳል? ምድጃው የት ነው? ሽንት ቤት አለ? ብላ ትጠይቅና የዓይን ቆብ ገልብጣ ታያለች። በሽታውን የሚያባብሰው ምን እንደሆነ የሚታወቀው የአሥር ዓመቱ መልስ ተደምሮ ነው ተብላለች።

ከስልሳው ቤት በአንዱ የምትኖረው ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ አረቄ እያወጣች አንዲት ልጇን የምታሳድግ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ዓይኗ ቀላ ብሎ ነበር፤ ታየች ቅባት ሰጠቻት። በአራተኛው ዓመት ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይወጋት ጀመር። በወረንጦ ትነቅለዋለች፤ መልሶ ይበቅላል።

ታየች ወደ ጤና ጣቢያ ወረቀት ጻፈችላት። ደብሪቱ ሄደች፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሰው ሥልጠና ላይ ነው አሏት። ሌላ ጊዜ ሄደች፤ የመስፊያ ክር አልቋል አሏት። ሲሠራላት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከተሠራላት በኋላም ሽፋሽፍቱ ዞሮ መጣ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይህ የአረቄ ጭስ እኮ ይጎዳዎታል» አለቻት ታየች።

«አውቃለሁ ልጄ። ትቼው ምን ልብላ?»

ታየች ቅጹ ላይ «ጭስ ውስጥ በቀን ስድስት ሰዓት» ብላ ሞላች።

የጥናቱን ተቆጣጣሪ ገዳሙን፣ የጥናቱ መኪና ሲመለስ ደብሪቱን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያድርሳት ብላ ለመነችው።

«እንደሷ ያሉ ስንት አሉ ታየች? የቷን ጥዬ የቷን ልጫን?» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ግን ታየችን ዓይን ዓይኗን አላያትም።

ታየች ራሷ በአውቶቡስ ወሰደቻት። ሐኪሙ ብሌኑ ጠባሳ ስለያዘ የሚደረግ ነገር የለም አለ።

በ2002 የጥናቱ ውጤት ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ ተነበበ፤ በሽታውን የሚያባብሱት የውሃ ርቀት፣ ጭስና የሽንት ቤት እጦት ናቸው ተባለ። ሰው አጨበጨበ። ታየችም አጨበጨበች።

በሳምንቱ ለደብሪቱ ልትነግራት ሄደች። ደብሪቱ ዓይኗ ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከምድጃው ሥር ልጇ አመተ ማርያም አረቄ ታወጣለች።

«ይኸን ለማወቅ ነው አሥር ዓመት?» አለች ደብሪቱ ውጤቱን ሰምታ፣ ሳትቆጣ።

«የኔንም እይልኝ እስቲ» አለች ልጂቱ።

ታየች ቆቡን ገለበጠችው። ውስጡ ነጫጭ ጠባሳ ጀምሮታል። ወረቀት ልትጽፍላት ቦርሳዋን ከፈተች፤ ጥናቱ ስላለቀ ወደ ጤና ጣቢያ የምትጽፍበት ወረቀትም ከቅጹ ጋር ተሰብስቦ ሄዷል።