የእማዬ ቤልቦተም

ሰልባጅ ተራ ገብቼ ከክምሩ ሥር አንድ አሮጌ ልብስ መዝዤ ሳወጣ መጀመሪያ የማደርገው ማሽተት ነው። ሻጮቹ ይስቁብኛል። ናፍታሊን፣ ያ ለብል ተብሎ ልብስ መሃል የሚወሸቀው ነጭ ድብልብል፣ ትንሽ እንኳ ከሸተተኝ አለቀልኝ፤ ሳልገዛ አልወጣም። መሥሪያ ቤት ደግሞ የማይቀልድብኝ የለም። በዕድሜ የሚበልጠኝ ቀሚስ ለብሼ፣ አምባር የሚያህል የላስቲክ ጉትቻ አንጠልጥዬ ስገባ "ልብሱን ከነባለቤቱ ነው እንዴ የገዛሽው?" ይሉኛል። ይበሉ! ይህን አመል ያመጣብኝ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ የሠራሁት አንድ ጥፋት ነው።

ያኔ የምንኖረው ቃሊቲ ነበር፤ እማዬና እኔ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ። እማዬ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። ማታ ስትመለስ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ ጥጥ ተለጣጥፎ በአንድ ቀን የሸበተች ትመስል ነበር። እኔ ጭኗ ላይ ተቀምጬ ጥጡን አንድ በአንድ እለቅምላታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና "እሰይ የኔ ልጅ" ትለኛለች። የማሽን ዘይትና የሳሙና ሽታዋ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እናቴ ለእኔ ይህች ነበረች፤ ሻሽ ያሰረች፣ ሽርጥ ያገለደመች፣ ሁልጊዜ ትንሽ የደከማት ሴት። ሌላ ሰው ሆና ታውቅ ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅ።

አልጋው ሥር የቆርቆሮ ሻንጣ ነበራት። ከሻንጣው ታች፣ ከናፍታሊኑ ጋር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሱሪ አለ። ሰማያዊ ቤልቦተም፣ ከጉልበቱ በታች እየሰፋ ሄዶ መሬት የሚጠርግ። እማዬ ሥራ ስትውል ከጎረቤታችን ልጅ ከአልማዝ ጋር እናወጣውና በአንዱ እግሩ ሁለታችንም ገብተን ቤቱን እየዘለልን እንዞረው ነበር። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሱሪ ለብሶ የወጣ ሰው የሰፈር ልጅ ሁሉ እየሳቀ ይከተለው ነበር። ስለዚህ እኔ ነገሩን እንደ ውራጅ ጨርቅ ነው የቆጠርኩት።

በዚያ ላይ የብርጭቆ ነገር ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ ከአልማዝ እናት፣ ከእትዬ ዘነበች፣ ብርጭቆ ትዋሳለች። እትዬ ዘነበች ክፉ አልነበሩም፤ ብቻ ሲሰጡ "አደራ፣ እንዳይሰበር" ማለት ይወዱ ነበር፣ ያውም እንግዳው በሚሰማው ድምፅ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ስትቀበል ሳይ ሆዴ ይባባል።

አንድ አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልዋጩ መጣ። ሸምሱ ይባላል። ትከሻው ላይ ጆንያ፣ ክንዱ ላይ የብርጭቆና የሳህን ቅርጫት ይዞ "ልዋጭ! ያረጀ ልብስ፣ ያረጀ ጫማ!" እያለ በየበሩ የሚዞር የስልጤ ሰው ነው። አሮጌ ልብስ ይወስድና አዲስ ዕቃ ይሰጣል። ሱሪውን ይዤ ስወጣ ገለጥለጥ አድርጎ አየውና "እናትሽ ታውቃለች?" አለኝ።

"ራሷ ናት የላከችኝ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሱሪውንና ሁለት የተቀዳደደ ሹራብ ሰጥቼ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተከራክሬ፣ ቀይ አበባ ያለባቸው አራት ብርጭቆዎች ተቀበልኩ። አጥቤ፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ በፎጣ ሸፍኜ ጠበቅኋት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እማዬ ፎጣውን ስታነሳ መጀመሪያ ሳቀች። "ከየት መጣ?" ስትለኝ ነገርኳት። ክው አለች። ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ሳበች፣ ከፈተችው፣ ጋዜጣውን ብቻ አገኘች። አልመታችኝም። ብትመታኝ በስንት ጣዕሙ! "ለኔው ብለሽ ነው" አለችና እራቷን ሳትቀምስ ተኛች።

በማግስቱ፣ ከሥራ ቀርታ የማታውቀው ሴት ቀረች። ብርጭቆዎቹን መልሳ ልትለውጥ በዘንቢል ይዛ፣ በሌላ እጇ እኔን እየጎተተች፣ የከባድ መኪና አቧራ እየጠጣን ወደ አቃቂ በሰቃ ገበያ ገሰገስን። ልዋጮች የሰበሰቡትን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልብስ ሰፊዎች ያስረክባሉ፤ ሰፊዎቹ ደህና ጨርቅ ካገኙ ለልጅ ልብስ ይቆርጡታል። ሳይቆረጥ መድረስ ነበረብን።

ሸምሱ ሲያየን ደነገጠ። "ኧረ እህቴ፣ ልጅቷን ጠይቄያት ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ለማን እንደሰጠኸው ብቻ ንገረኝ።"

ሐጂ ኑሪ ወደሚባሉ ሽማግሌ ሰፊ ጠቆመን። ሐጂ መቀስ ይዘው ነበር። አንዱ እግር ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ጉርድ ቀሚስ ሆኗል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ለብሳው ትሽከረከራለች። ሌላው እግር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የልጅቷ ታላቅ እህት ከእናቷ ጎን ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።

"ሐጂ፣ ይሄ ሱሪ የኔ ነበር" አለች እማዬ።

ሐጂ መቀሱን አስቀመጡ። "እንግዲያው የቀረውን ውሰጂ ልጄ። ለሷ ሌላ እፈልግላታለሁ።"

ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል እናቷን ተጠጋች። እማዬ አየቻት። ከዚያ ጨርቁን በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችው። "ይጨርሱላት ሐጂ" አለች። "ጠርዙን ብቻ ሰፋ አድርገው ይተዉላት፤ ስታድግ ይለቀቅላታል።"

አፍ ያወጣችው ብርጭቆዎቹን እንደያዝን ስንመለስ ነው። ሱሪውን ያሰፋችው በመጀመሪያ ደሞዟ ነበር። ታላቅ ወንድሟ "ሴት ልጅ ሱሪ?" ብሎ ቤት እንዳያፈርስባት ከላይ ቀሚስ ደርባበት ትወጣለች፤ የፋብሪካው በር ስትደርስ ቀሚሱን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። እሱ እጅ እንዳይገባ ብላ ፎቶ እንኳ አልተነሳችበትም። "ሴቶቹ ሲያዩኝ ያጨበጭቡልኝ ነበር" አለች። "ሲያምርብኝ!"

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። "በቃ፣ ተይ" አለችኝ። "አሁንማ እንኳን ወገቤን ጉልበቴንም አያልፍ። ትንሽ ከፍ ስትዪልኝ፣ እንደምንም ጎትቼም ቢሆን፣ አንድ ቀን ለብሼው 'እናትሽን እያት' ልልሽ ነበር። ሳታዪኝ መቅረትሽ ነው የቆጨኝ።"

ይህን የሰማሁበት መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ባቡሩም ቃሊቲ ደርሷል። ፌርማታው ላይ ቤልቦተም የለበሱ ልጃገረዶች ማንንም ሳይፈሩ፣ ከላይ ምንም ሳይደርቡ ቆመው ሳይ ደስ ይለኛል፤ በእማዬ ፈንታም እቀናለሁ። እሷ ጡረታ ከወጣች ቆየች፤ ዓይኗም ደክሟል። እሁድ እሁድ ከአሮጌዎቼ አንዱን ለብሼ ልጠይቃት እሄዳለሁ። "ነይ እስቲ" ትለኛለች። ኮሌታዬን፣ ቁልፌን፣ ወገቤን በጣቶቿ ትዳብሳለች። ስንት ዓመት ክር የነካ ጣት አይሳሳት፤ "ይሄማ ቴትሮን ነው" ትላለች። "ዙሪ" ትለኛለች፤ እዞራለሁ። ከዚያ እጇን ወገቤ ላይ እንዳደረገች፣ ፈገግ ብላ ትቆያለች። ያን ጊዜ የምታየው እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያቺን ፋብሪካው በር ላይ ቤልቦተም ለብሳ የቆመች ልጅ እኔም አብሬያት አያለሁ። እስክትጠግብ ድረስ ሳልነቃነቅ እቆምላታለሁ።