በ«አዳኜ» ላይ ያደረግሁት እርማት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርዷን ይዛልኝ መጣች። ከሙሽሮቹ ስም በላይ፣ በወርቃማ ቀለም፣ ከአንድ የፍቅር ልብ ወለድ የተወሰደ ዐረፍተ ነገር ታትሟል፦ «ቆስዬ ነበር፤ ፈልጎ አገኘኝ፤ አዳነኝ።»

«እቴቴ፣ ኤዲት ያደረግሽው አንቺ ነሽ አሉኝ እኮ! ለፍሬንዶቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሻይዋን ጠጥታ፣ ስለ አዳራሹና ስለ ሚዜዎቹ ልብስ አውርታ ሄደች። ካርዱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያን ዐረፍተ ነገር በሠርግ ላይ፣ በመቃብር ሐውልት ላይ፣ በታክሲ የኋላ መስተዋት ላይ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር የማነበው የታተመውን ሳይሆን ከመታተሙ በፊት የነበረውን ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሥነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪዬን በማዕረግ ብጨርስም የተመኘሁትን የመምህርነት ቦታ ሌላ ሰው ስለወሰደው፣ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ በአንድ አነስተኛ አሳታሚ ቤት አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢሮው የብረት በር ከሚሠሩ ሰዎች በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። የብረት መቁረጫው ሲጮህ ይውላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ይከብዳል። ክረምት ነበር። ደጅ የሚጠበሰው እሸት በቆሎ ሽታ ከተቃጠለ ብረት ሽታ ጋር ተደባልቆ ደረጃውን ይወጣል። ምሳዬ ብዙ ጊዜ አንድ በቆሎ ነበር። በቆሎ የሚበላን ሰው ማንም አያናግረውም፤ ያ ይስማማኝ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ በላይ «ዶክተሯ» ይሉኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩና መሆን እንደምፈልግ ስለሚያውቁ ነው።

ረቂቁን ያመጣችው ትርሲት ትባላለች። በእድሜ እኩያዬ ናት። የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ስለነበረች የእጅ ጽሑፏ ማኅተም ይመስላል፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ፣ እግሩ ተለክቶ የተቀመጠ። በግራ እግሯ ታነክሳለች። አብሯት የሚመጣው እጮኛዋ አማኑኤል፣ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚለው፣ ክርኗን ይዞ ደረጃውን ያወጣታል፤ ውኃ ከፍቶ ይሰጣታል፤ ከዚያ ወርዶ ግራጫ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ሞተሩን አያጠፋም። እላይ ተቀምጠን የምናወራውን ሁሉ ያ ሞተር ከሥር ሆኖ ይሰማዋል ብዬ አስብ ነበር፤ ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ አላውቅም።

ልብ ወለዱ «አዳኜ» ይባላል። የራሷ ታሪክ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዲት ወጣት ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮዋ ወጥታ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ማዶ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ያመልጣል። የማታውቀው ሰው ከአስፋልቱ ላይ ያነሣታል፤ ሆስፒታል ያደርሳታል፤ ወራት ሙሉ ከአልጋዋ ሥር አይለይም። እንደገና መራመድ ያለማምዳታል። እንቅልፏ ይመለሳል፤ የመኪና ጥሩምባ ስትሰማ መንቀጥቀጧ ይቀራል፤ ታፈቅረዋለች። መጽሐፉ የሚመረቀው ሠርጋቸው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ኢንጂነሩ ረቂቁን እንዳላነበበው፣ ታትሞ ሲወጣ እንደ ሠርግ ስጦታ እንደሚያነበው ደጋግሞ ነግሮናል።

«ኢንጂነር» አሉት አንድ ቀን ጋሽ በላይ እየሣቁ፣ «እንዲህ ያለ ፍቅር በእኛ ጊዜ ቢኖር እኔም ሄጄ መኪና ፊት እቆም ነበር።»

«የማን መኪና ፊት እንደሚቆሙ መምረጥ ነዋ፣ ጋሽዬ» አለ። ሁላችንም ሣቅን። ትርሲት የውኃ ጠርሙሷን ክዳን እየከፈተች ትዘጋ ነበር።

በረቂቁ ላይ ሁለት ነገር አገኘሁ። የመጀመሪያው ፊደል ነው። «አዳነኝ» መባል ባለበት ሁሉ «አደነኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ በራብዑ «ዳ» ፈንታ ግዕዙ «ደ»። ቋንቋችን እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ከሞት የሚያወጣም አዳኝ ነው፤ አውሬ የሚያሳድድም አዳኝ ነው። ሁለቱም «ያድናል» ተብለው ይጻፋሉ። የሚለያዩት ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ በአንዲት ፊደል እግር ብቻ ነው። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ። በቀይ ብዕር ሁሉንም አረምኩ።

ሁለተኛው መኪናው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአደጋው በፊት፣ ሰውዬው ገና ወደ ታሪኩ ሳይገባ፣ ግራጫ መኪናው ከልጅቷ ቢሮ በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ይታያል። ኅዳጉ ላይ «ገና አልተዋወቁም፤ መኪናው እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ ጻፍኩ። በጥያቄዬ ረክቼ ነበር። ጥሩ አራሚ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትርሲት ብቻዋን መጣች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል፤ ጋሽ በላይ ማተሚያ ቤት ሄደዋል፤ ታች ያሉት መብራት ጠፍቶባቸው መቁረጫው ዝም ብሏል። ፀጉሯ ረጥቧል። ያረምኩትን ገጽ በገጽ ገለጠችና ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች።

«ይህን ማን አረመው?»

«እኔ ነኝ። በ‹ዳ› ፈንታ ‹ደ› ጽፈሻል፤ ደጋግመሽ።»

«ሌላ ቦታስ ተሳስቻለሁ?»

«የለም። ‹ዳገት›፣ ‹ሜዳ›፣ ‹ጓዳ›፣ ሁሉም ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

ረቂቁን ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ መለሰችው።

«እዚህ ደግሞ መኪናው ምን ይሠራል ብለሻል።»

«የታሪክ ፍሰት ችግር ነው።»

«እኔም የምጠይቀው እሱን ነው» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ከአደጋው በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ሰሌዳውን አውቀዋለሁ። የገጨኝንም አይቼዋለሁ። ሌላ መኪና አልነበረም።»

ለእናቷ ነግራት ነበር። እናቷ በስለት ያገኘችው አማች ነውና አለቀሰች። ወንድሟ «ጭንቅላትሽን ስለተመታሽ ነው» አላት።

«በአፌ ስናገር ታማለች ይላሉ» አለች። «ታትሞ ሲወጣ ግን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንድ ሰው ‹ይህ ምን ማለት ነው?› ይለኛል። ከተጠየቅሁ እናገራለሁ፤ ሳልጠየቅ ግን አልችልም፣ ሞክሬው አይቻለሁ። እንደ ጻፍኩት መልሺልኝ። ሠርጉ ሳይደርስ።»

የሞተሩን ድምፅ ያን ጊዜ ሰማሁ። መቼ እንደደረሰ አላውቅም፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ቀጥሎ የደረጃው የእግር ኮቴ፣ ሳይቸኩል።

«ፈልጌ አጣሁሽ፤ እዚህ ነሽ ለካ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን አስቸገራችሁ?»

ትርሲት አየችኝ። አልለመነችኝም፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የምትጠብቀው። ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ጸሐፊዋ የጻፈችው ይጸናል።

«የፊደል ግድፈት ነበር» አልኩ። «ተስተካክሏል።»

«ለዚህ ነው የተማረ ሰው የሚያስፈልገው» አለ። ኮቷን አለበሳት፤ አንገትጌዋን አቃናላት፤ የረጠበ ፀጉሯን ከኮቱ ውስጥ በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣላት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «መኪናዋንም አውጥተሻታል፣ አይደል?» አለኝ።

ስለ መኪና ማንም አላነሣበትም።

«አውጥቻታለሁ» አልኩት። አላወጣኋትም ነበር። ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ ከወጡ በኋላ ቁጭ ብዬ አወጣኋት። ሦስቱንም ቦታ።

ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት እስኪሄድ ዘጠኝ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ቆይቷል። በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ። የተሳሳተ ፊደል ያለበት መጽሐፍ ላይ ስሜ አይታተምም ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። ምክንያቱ ፍርሃት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር፤ ትክክለኛነት የሚል ስም ሰጠሁት እንጂ።

ምርቃቱ ቦሌ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ ሆነ። ትርሲት ነጭ ለብሳ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች። «ቆስዬ ነበር» አለች። «ፈልጎ አገኘኝ» አለች። ቆመች። ቀና ብላ፣ ከሕዝቡ መካከል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰችና ቃሉን እኔ እንዳረምኩት፣ «ዳ»ን ረጋ አድርጋ፣ አነበበችው። አጨበጨቡ። አጠገቤ የነበሩ ሴት እንባቸውን ጠረጉ። ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ፣ መጽሐፉን ለመጨረስ ስንት ወር እንደፈጀባት ጠየቋት።

ሠርጉም ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሬድዮ ሰማኋት፤ ከቁስል ስለመዳን ትናገር ነበር። ድምፅዋ ያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ የሰማሁት አልነበረም። ለስላሳ ነበር፤ የእሱን ድምፅ ይመስል ነበር። ቃሉን አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

ዶክተር ሆንኩ። ጋሽ በላይ ሳያዩት ሞቱ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዘጋጀሁት መጽሐፍ ውስጥ፣ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሲያጋጥም ትርጉሙን የሚወስነው ዐውዱ ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ በየዓመቱም አስተምረዋለሁ። ስህተት የለበትም። የዚያ ቃል ዐውድ ግን ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ፣ ዝናብ አርጥቦት፣ በገዛ አፉ ነግሮኝ ነበር።