ያላረዱኝ መርዶ

ሌላውን ሰው ከአረቄ ያወጣው ጸሎት ነው፣ ጠበል ነው፣ የልጆቹ ፊት ነው። እኔን ያወጣኝ ቂም ነው። ይህንንም ሳልደብቅ ተናግሬዋለሁ፤ ቂርቆስ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች አዳራሽ፣ ለአቻ ድጋፍ ሰጪነት የምንሠለጥን ሰዎች ክብ ሠርተን በተቀመጥንበት በመጀመሪያው ቀን። አቻ ድጋፍ ሰጪ ማለት፣ በቃ፣ ራሱ ከሱስ የወጣ ሰው ሌላው ለመውጣት ሲታገል አጠገቡ የሚቀመጥ ማለት ነው። ሐኪም አይደለም፣ መካሪም አይደለም። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። መጠጥ ለምን እንደተውን በየተራ ሲጠይቁን አንዱ ፈጣሪውን አመሰገነ፣ አንዷ ልጇን ጠርታ አለቀሰች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «ወንድሜን ለማናደድ» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። ሲስተር አልሳቁም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ።

«ሲስተር፣ እኔ መች ጸለይኩ?»

ታላቅ ወንድሜ ያደረገኝን ልንገራችሁና ፍረዱ። እናታችን የሞተችው እኔ ስታዲየም አካባቢ ካለች አንዲት አረቄ ቤት ጠዋትም ማታም በማልጠፋበት ዘመን ነው። እዚያ መሆኔን ካዛንቺስ ውስጥ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። ወንድሜ ግን ያውቃል፤ ስንቴ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆሞ ሰድቦኝ ሄዷል! ካዛንቺስ ካለው የእናቴ ቤት እዚያ ድረስ በመስቀል አደባባይ በኩል በእግር የሚመጣ መንገድ ነው። ታዲያ እናቴ ስትሞት ለዕድሩም ለዘመዱም «ክፍለ ሀገር ነው፣ ስልኩ አይሠራም» አለና ቀበራት። ሠልስቷንም አርባዋንም ያለ እኔ አወጡ።

እኛ አገር እኮ ጠላት እንኳ ለጠላቱ መርዶ አይነፍግም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ትከሻው ተይዞ ነው የሚረዳው። እኔን ያረዱኝ የእናቴ ጎረቤት ናቸው፣ ያውም ሳያውቁት። መንገድ ላይ አገኙኝና ጥቁር ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ እንዴት ያለች ሴት ነበረች!» አሉኝ። «ማን?» አልኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ታክሲው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ወያላው ይጮሃል፣ እኔ እዚያ አስፋልት ዳር ቆሜ እናቴ መሞቷን ሰማሁ።

ወንድሜ ደጃፍ ሄጄ ስጮህ በሩን ገርበብ አድርጎ «ለራስህ ብዬ ነው» አለኝ። «ሰክረህ መጥተህ ሬሳዋ ፊት ልትዋረድ ነው?»

ለራሴ! አይ ለራሴ! እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ተመለስኩ። አረቄ ቤቷ ገብቼ መለኪያውን አነሳሁና አየሁት። ይሄን ከጠጣሁማ እሱ ልክ ሊሆን ነው አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ተንቀጠቀጥኩ፣ አስመለሰኝ፣ ሐኪም ቤት ተኛሁ፣ ማገገሚያ ገባሁ። ሁሉንም የቻልኩት ጥርሴን ነክሼ እሱን እያሰብኩ ነው። የሥልጠናውን ምስክር ወረቀትም የፈለግኩት ለእሱ ነው። አንድ ቀን ሸሚዜን ተኩሼ፣ ሥራ ያለው ሰው ሆኜ ፊቱ ልቆምና «አሁንስ ከእናቱ ቀብር የሚከለከል ሰው እመስላለሁ?» ልለው።

ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ ጉድ ነበርኩ። ጥንድ ጥንድ እየሆንን አንዱ ሱሰኛ፣ አንዱ ደጋፊ ሆኖ እንለማመዳለን። ሱሰኛ የሆነው ጓደኛዬ «ቤተሰቤ አባረረኝ» ሲለኝ እኔ «ቤታቸው የት ነው?» ብዬ እነሳለሁ። ሲስተር ጠረጴዛውን ይመታሉ። «አንተ የመጣኸው የሱን እሳት ልታጠፋ ነው ወይስ የራስህን ልታያይዝ?» ቀስ በቀስ ዝም ብሎ ማዳመጥን ተማርኩ። እውነቴን ነው፣ አረቄ ከመተው ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። ሲስተር ከአፋቸው የማይለዩት ነገር ነበር፦ የምትደግፈውን ሰው አትዋሸው፤ የራስህ ቁስል ሲያሳክክህ ደግሞ ሳትነካው ለእኔ ደውል።

ለልምምድ አንድ ማገገሚያ ማዕከል ተመደብኩና አንድ ጎሚስታ ደረሰኝ። ቂርቆስ ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ በአረቄ እጁ እየተንቀጠቀጠ የመጣ ሰው ነው። ካርታ እየተጫወትን፣ ስለ ኳስ እየተከራከርን ተላመድን። ስለ አባቱ ሲያወራ ፊቱ ይፈታል። አባትየው በየቅዳሜው በር ድረስ መጥተው ብርቱካን ያቀብሉታል፤ ግቡ ሲባሉ እምቢ ይላሉ። «ስትወጣ ቤታችን ቁጭ ብለን እናወራለን» ይሉታል።

አንድ ጠዋት እህቱ ከሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ጋር መጣች። የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ተጠራሁ። አባትየው ሌሊት አርፈዋል፣ ቀብሩ የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«እሱ እንዳይሰማ» አለች እህቱ ዓይኗን እየጠረገች። «ሲሻለው እንነግረዋለን። ገና አገግሞ ሳይጨርስ ቢሰማ ይጠጣል። ለራሱ ብለን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።  እህቱን አይደለም ያየሁት፤ ወንድሜን ነው ያየሁት፣ ያቺን ገርበብ ያለች በር ይዞ። ወጣሁና ለሲስተር ደወልኩ።

«ሲስተር፣ ቁስሌ አሳክኮኛል» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልትነግረው የፈለግከው ለእሱ ብለህ ነው ወይስ ወንድምህን ልትበቀል?»

«ለሁለቱም» አልኩ። ምን ልበል? እውነቱ እሱ ነው።

 «እንግዲህ የሞቱት የእሱ አባት ናቸው» አሉ። «ይነገረው። ግን ብቻህን እንዳትነግረው፣ ከነገርከውም በኋላ ከአጠገቡ እንዳትለይ። ከጠጣ ማዕከሉ ያባርርሃል፤ እኔም ላተርፍህ አልችልም።»

ተመልሼ ገባሁና እኔ ይሄን ሰው አልዋሸውም አልኳቸው። እህቱ ጮኸች። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ግን ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ልጁ እውነቱን ነው፣ መርዶ አይደበቅም» አሉ። እንደ ወጉ አስቀመጥነው። ሽማግሌው በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ትከሻውን ይዘን አረዳነው። አልጮኸም። «ተቀብሯል?» ብቻ አለ። «አልተቀበሩም፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ስለው እጄን ሳብ አድርጎ ሳመኝ።

ሥራ አስኪያጁ በእኔ ኃላፊነት ለቀቀው፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ መለሰ። እኔ ከኋላው ቆሜ ቀናሁበት። ያፈርኩበት ነገር አይደለም፤ ቀናሁ። እኔም እንዲህ መንበርከክ ይገባኝ ነበር፣ ባዳ እንኳ እናቴን አፈር አልብሷት እኔ ቀርቻለሁ!

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ንፍሮው ዞረ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ አልተለየሁትም። ከዚያ እህቱ ጠራችኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ወስዳ አጥንቴ እስኪሰማው ሰደበችኝ፤ ማን ነህና፣ ምን አገባህና፣ ራስህ ሰካራም! እሷ ስትሰድበኝ፣ እኔም መልስ ስሰጣት፣ ቆየን። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ፈለግኩት። ከቂርቆስ እስከ ስታዲየም ያለውን አረቄ ቤት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዷ ባለቤት ገና ስታየኝ «ኧረ የት ጠፍተህ!» ብላ ሳልጠይቃት ቀዳችልኝ።  እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ግን ወጣሁ። ሰውየው የለም። በማግስቱም የለም። እህቱ ማዕከሉ መጥታ «ወንድሜን ገደልክብኝ» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳትገባ አለኝ።

ካዛንቺስ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም ወሬው አልፈረሰም። የዕድር ሰው ለዕድር ሰው አወራ፣ ወንድሜ ጆሮ ደረሰ። ከዚያች በር ወዲህ ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው ደወለ።

«ሰማሁ» አለ። «አየህ አይደል? እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

ደስ ብሎት ነበር። በታቦት ቢምልልኝ አላምነውም፣ ደስ ብሎት ነበር! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የኔው ወጊ ጭራሽ ሊያስታውሰኝ ደወለ።  ሰውየው ሞቶ ቢገኝ ወንድሜ ለዘላለም ልክ ነው፤ እኔም ሰው ገዳይ ነኝ። ግቢው ቢከለከለኝም ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ በሩ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት አጥሩን እየተደገፈ መጣ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሊረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ጠጥቻለሁ» አለኝ።

«ይታያል።»

«ግን ቀብሬዋለሁ። ብሰክርም ባልሰክርም አባቴን በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ። ይሄንን ማንም አይወስድብኝም።»

ስልኬን አወጣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የማደርገው ነገር ከሥልጠናው ጋር እንደማይሄድ አውቄዋለሁ፤ አልተውኩትም። ሲያነሳ ስልኩን ጎሚስታው አፍ ላይ ያዝኩለትና «አሁን ያልከኝን ድገመው» አልኩት። ማን እንደሆነም አልጠየቀኝ። እያለቀሰ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር ደገመው።

ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።  ስድቡን ጠበቅኩ፤ እኔም የስንት ዓመት መልስ አፌ ላይ ደርድሬ ነበር።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «እኔ እኮ ብቻዬን ነው የቀበርኳት። አጠገቤ የሚቆም ወንድም አልነበረኝም።»

«ይበልህ!» አልኩትና ዘጋሁት።

 ጎሚስታውን ብብቱ ሥር ገብቼ አነሳሁትና በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው ከፍቶ አየኝና «አንተ አትገባም ተብሏል» አለ።

«እሱን አስገባው» አልኩት። «እኔ እዚህ ነኝ።»