በር ላይ የማስለው ሳል

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ነን። ባለቤቴ አለች፤ ስትስቅ ጎረቤት የሚሰማት ሴት። ወንዱ ልጄ አለ፤ ያኔ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፣ ዛሬ ጌዶ ቤት መሥርቷል። ሴቷ ልጄ አለች፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ትማር ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የጉደር አናጢ፣ ማንበብና መጻፍን ያለ አስተማሪ የለመድኩ አባት።

ቤተ ክርስቲያናችን ለወላጆች ቀን ጽሑፍ ስትጠይቅ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። ተራኪው ታታሪ፣ ፍትሐዊና ልጆቹ የሚወዱት አባት ነው። ራሴን ነበር የጻፍኩት። ከሁሉ የኮራሁበት ቦታ ይህ ነው፦ «ከሥራ ተመልሼ በር ላይ ሳስል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልጆቼ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።» በእኛ ዘንድ አባወራ ሳያስል ቤቱ አይገባም። አባቴም እንዲሁ ነበር። ድምፁን አጥፍቶ የሚገባ ሌባ ነው።

ልጄ በኮምፒውተር ጽፋልኝ መጣችና ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ደስተኛ ነኝ ይላል። ታሪኩ ግን ያሳዝናል።»

«የቱ ጋ ነው የሚያሳዝነው?»

«ሳሉ ጋ። እሱ ከማሳሉ በፊት ቤት ውስጥ ምን እያወሩ ነበር? አያውቅም እኮ።»

«አክብረውት ነዋ ዝም ያሉት!»

«ለእሱ እንደዚያ ይመስለዋል።»

ወንድሟ ከጎን በኦሮምኛ «ጨሊሲ!» አለና፣ «ዝም በይ! የአምቦ መሳፈሪያሽን ማን ሊሰጥሽ ነው?» ብሎ አንሾካሾከ።

«አባቷን የምታርም ልጅ አላሳደግኩም። እንዳለ ተይው» አልኳት። እንዳለ ተወችው።

በወላጆች ቀን ቆሜ አነበብኩ። ሳሉ ጋ ስደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ያንንም አክብሮት ነው አልኩ። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በር ላይ ስደርስ ልጄ የራሷን ጽሑፍ ለእናቷና ለወንድሟ ታነባለች፤ ቤቱ በሳቅ ደምቋል። መስማት አማረኝና ሳላስል ገባሁ። ባለቤቴ ጮኸች፤ የያዘችው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ምነው አንተ! ሳያስሉ ይገባል?»

ልጆቹ ተነሥተው ቆመዋል። ወረቀቱ ከትራስ ሥር ገብቷል።

«ቀጥይ እንጂ» አልኳት።

«አልቋል፣ አባዬ።»

አላለቀም ነበር።

አባት መከበር አለበት፤ ዛሬም ይህን እላለሁ። ክብሩን በቤተሰቡ ዝምታ የሚለካ ሰው ግን ሚዛኑ የተሰበረ ነው። የተሰበረ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የከፈልነውን ስደምረው ይህን ይመስላል። ልጄ ዛሬም ትጽፋለች፤ ጥሩ እንደምትጽፍ ከሰው እሰማለሁ እንጂ አንድ ገጽ አሳይታኝ አታውቅም። ባለቤቴ መሳቅ ሲያምራት ጎረቤት ትሄዳለች። ባለፈው ደግሞ ጌዶ ልጄ ቤት ሄጄ ትንሿን የልጅ ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሳጫውት፣ በር ላይ ሳል ተሰማ። ልጅቷ ሳቋን አቋርጣ ከጉልበቴ ወረደችና ቆመች።