ሌሊሴ በኩሩክሼትራ የተቀበለችው ሁለተኛ ጉርሻ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ደጋግሜ አስቤ ነበር። ሌሊሴ የሄደችበትን የሕንድ ከተማ በዓይኔ አላየሁም፤ የሰውን ሕይወት ለመተረክም ገና ተማሪ ነኝ። ነገር ግን በዚያ ቅዳሜ፣ ቤቴል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በወረቀቱ ያልሰፈረውን ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

ሌሊሴ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር ልብስ የምትሰፋ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት በመዘምራን ያገለገለች ሴት ናት። አምና ወንድሟን ጋዲሳን ለልብ ቀዶ ሕክምና ዴልሂ ወስዳው ነበር። ከዚያ የላከችው ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ፤ ሌሊሴ አፏን ከፍታ፣ አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ጣፋጭ ሲያጎርሷት፣ ከኋላቸው የጣዖት ቤት። በዚያ ቅዳሜ ስብሰባ የሚወሰነው ከአገልግሎት ትታገድ ወይስ አትታገድ የሚለው ነበር። ከመዝሙር መለየት ለእርሷ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

"እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ገመቹ።

"ቤት ያከራዩን እማማ ሳቪትሪ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጋሼ። የኩሬውን ደረጃ ደግፌ ላወርዳቸው ነው።"

ፎቶው የተነሣበት፣ ከዴልሂ የጥቂት ሰዓት መንገድ የሆነው ከተማ ኩሩክሼትራ ይባላል። በጥንቱ ትውፊታቸው የወንድማማች ልጆች በዙፋን ተጣልተው የተላለቁት በዚያ ሜዳ ነው፤ ተሳላሚዎች ዛሬም በታላቁ ኩሬ ይታጠባሉ።

"እሳቸውስ ለምን ሄዱ?" አለ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚያንሰው ወንድም ፍቅሬ።

ሌሊሴ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘች። "ስለት ነበረባቸው። ጋዲሳ ከቀዶ ሕክምናው በደኅና ከተነሣ ብለው የተሳሉት።"

 እስክሪብቶዬ ቆመ።

"ጣፋጩንስ ለምን በላሽ?" አለ ፍቅሬ።

"እንደኛው ጉርሻ መስሎኝ ነው። እናት ስታጎርስ እምቢ ይባላል? እንዲያውም አንድ ያጣላል ብዬ ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው።"

ጋሽ ገመቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። ፍቅሬ አልሳቀም።

"ለጣዖት የቀረበ መሆኑን መቼ አወቅሽ?"

"ልጃቸው ነገረችኝ።"

"መቼ ነው ያልኩሽ።"

ጋሽ ገመቹ ድምፃቸውን አለስልሰው ጣልቃ ገቡ። "ሁለቱንም ከበላሽ በኋላ ነው መቼም። አይደል ልጄ?"

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። የሚመሰክርባትም አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ፣ አዎ እንድትል በልቤ ለመንኩ።

"አይደለም ጋሼ፣ ከሁለተኛው በፊት ነው። እጃቸው ተዘርግቶ ነበር። አልሰገድኩም፣ አልጸለይኩም። ያን እጅ መመለስ ግን አቃተኝ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል አብረውኝ ተቀምጠዋል።"

"እህ፣ ልጄ…" አሉ ጋሽ ገመቹ።

ስድስት ወር ታገደች። እንድትፈርም ቃለ ጉባኤውን ስሰጣት ቀስ ብላ አነበበችው።

"ከሁለተኛው በፊት ያልኩት የታለ?"

ይጎዳታል ብዬ ትቼው ነበር። ጻፍኩት፤ ፈረመች።

በማግስቱ መዘምራኑ ሲቆሙ እርሷ ከመጨረሻው ወንበር ሆና በለሆሳስ አብራ ዘመረች።

ሌሊሴ ልትታመን ይገባታል።