በማሽላ መሃል የከረመ ሜሞሪ

ወንዳወቅ መርሳ ከተማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ሞላው። ቴክኒሻን ይባል እንጂ ግማሹ ሥራው ልመና ነበር። ዳይሬክተሩን ገመድ ይግዙልኝ ብሎ ይለምናል፤ ማሽኖቹን ደግሞ እባካችሁ ለዛሬ እንኳ ተነሱልኝ ብሎ ይለምናል። ሃያ አራቱም በእርዳታ ሲመጡ አርጅተው ነው የመጡት። የወልድያ ጓደኞቹ "ሙዚየሙ እንዴት ከረመ?" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ቢሆኑም ይወዳቸው ነበር። የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ልጅ ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው እዚያ ክፍል ውስጥ ነውና።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነሐሴ፣ የመድፉ ድምፅ ከቆቦ ወደ ወልድያ እየቀረበ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ልጁንና ከብቱን ያሸሽ ጀመር። ወንዳወቅ ካቻቢቴውን ይዞ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሃያ አራት ማሽን ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው የለም። ሜሞሪ ግን ማሽኑ ውስጥ የምትሰካ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ቁራጭ ናት፤ እሷ ከወጣች ደግሞ ማሽኑ በድን ነው። ዘራፊ ቢመጣ እንኳ ሞክሮ አልነሳ ሲለው ይተወዋል ብሎ አሰበ። ሃያ አራቱን ሜሞሪ በጨርቅ ጠቀለለ፤ በፌስታል አስሮ መርሳ አቅራቢያ ወዳለችው ግራና ሄደ።

ግራና የሟቹ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባለቤት፣ እትዬ ባይነሽ ይኖራሉ። አምስት ጆንያ ማሽላ ነበራቸው። ወንዳወቅ የአንዱን አፍ ፈትቶ ፌስታሉን እማሽላው መሃል ቀበረና መልሶ ሰፋው።

"አደራ እትዬ፣ ይቺን ጆንያ አይፍቷት" አላቸው። "ማንም ቢጠይቅ እህል ናት። አንቱም እንደሌላው እህል ይያዟት።"

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" አሉ እትዬ ባይነሽ። ወንዳወቅም ከስደተኛው ጋር ወደ ደሴ አቅጣጫ በእግሩ ነጎደ።

ጥር ላይ ሲመለስ የክፍሉ ዴስኮች ማገዶ ሆነዋል። ከአንድ በቀር ሞኒተር የለም። ሃርድ ዲስኮቹ ተነቅለዋል። ማሽኖቹ ግን፣ እንዳሰበው፣ ሃያ አራቱም ግድግዳ ሥር ተገለባብጠው ቀርተዋል። በዚያው ሰሞን ግራና ደርሶ፣ የተሳፈረበት መኪና ሹፌር ጥሩምባ እየነፋበት ፌስታሉን ከማሽላው መሃል መዝዞ ተመለሰ። እትዬ ባይነሽን "እግዜር ይስጥልኝ" ብሏቸው ወጣ እንጂ እንዴት ከረሙ እንኳ አላላቸውም። ያኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ የየራሱን ፍርስራሽ ለመቁጠር ይሮጣል።

የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ። መማሪያ ክፍል ስለጠፋ፣ እስከ አርብ ቢያንስ አሥር ማሽን ካልተነሳ የኮምፒውተሩ ክፍል ለተማሪዎች ይለቀቅ፤ ቴክኒሻኑም ወደ ሌላ ሥራ ይዛወር ይላል። ወንዳወቅ በደብዳቤው መቆጣት አቃተው፤ ዛፍ ሥር የሚማሩትን ልጆች በዓይኑ አይቷል። ደክሞታል። ቢሆንም አሥራ አራት ዓመት ነው፤ እንዲሁ ተነስተህ ሂድ ሲሉት እሺ አይባልም።

የድሮው ሲስተም ከነዲስኩ ሄዷል፤ አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ የለም። ወልድያ የሚያስተምረው ወዳጁ ብሩክ ግን ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም በፍላሽ ጭኖ ሰጠው። ለአሮጌ ማሽን የተሠራ፣ ዲስክ ባይኖርም ከፍላሹ ላይ የሚነሳ ነው።

"አንድ ጊጋ ሜሞሪ ካገኘ ይበቃዋል" አለው ብሩክ። "ይችላል አይችልም እያልክ ከምትገምት ማሽኑን ራሱን ጠይቀው።"

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ማክሰኞ ጠዋት ወንዳወቅ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሜሞሪዎቹን መልሶ እየሰካ፣ ያቺን አንድ ሞኒተር ከማሽን ማሽን እያዛወረ መጠየቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ሜሞሪዬን አጣሁ ብሎ ጮኸ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሁለተኛውም ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ሜሞሪዋን መልሶ አወጣና መስኮቱ ጋ ወስዶ አያት። ወርቅማ የነበረው ጥርሷ ጠቁሯል፤ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። የቀሩትን ዘርግፎ ቢያይ ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

"ውሃ ነው" አለ ለብቻው። "እኚህ ሴትዮ ውሃ አስነክተውብኛል።"

ከተማሪ ላጲስ ለምኖ ሁለት ቀን ሙሉ ጥርስ ሲፈትግ ዋለ። ከሃያ አራቱ ዘጠኙ ነፍስ ዘሩ። እያንዳንዷ ሜሞሪ ግን ግማሽ ጊጋ ብቻ ናት፤ ለብቻዋ ስትገባ ሲስተሙ ጀምሮ ጀምሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለት ሁለት እያደረገ ሲያስገባ አራት ማሽን ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ ፈጣን ባይሆንም መጻፊያውም ማስያውም ይሠራል። ግን አራት ነው። አሥር አይደለም።

የንብረት ክፍሉ ካሳዬ መጥቶ አራቱን አየ፤ የግራናውን ነገርም ከወንዳወቅ ሰማና ከንፈሩን መጠጠ። ክፉ ሰው አይደለም።

"ስማ" አለው፣ "ክፍሉ እንደሆነ ሄዷል። አሁን ለራስህ እወቅበት። ሃያ አራት ሜሞሪ ያለ ርክክብ አውጥተህ አበላሽተሃል ተብሎ ማህደርህ ውስጥ ቢገባ የትም አትቀጠርም። ሪፖርቱ ተጠያቂ የሚል ቦታ አለው። ያስቀመጠችው ሴት በኔ ጉድለት ውሃ ነካው ብላ ጣቷን ታኑርልህ፤ ገበሬ ናት፣ ማን ምን ይላታል?"

ወረቀቱን ራሱ ካሳዬ ጻፈለት። ወንዳወቅ ወረቀቱንና የጣት ቀለሙን ኪሱ ከትቶ ሐሙስ ዕለት በባጃጅ ግራና ሄደ። መንገዱን ሙሉ በእትዬ ባይነሽ ላይ ቂም ሲቋጥር ነበር፤ ሰው ሲደክመው ቂም ይቀለዋል።

እትዬ ባይነሽ ደጃፍ ላይ ጎተራ በጭቃ ይመርጋሉ። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

"ወንዳወቅ! ምነው እንዲህ ከሳህ የኔ ልጅ?"

"እትዬ፣ ያቺ ጆንያ ውሃ ነክቷት ነበር?" አላቸው፣ ሰላምታውን ዘሎ።

"ውሃ?" አሉ ደንግጠው። "ኧረ በማርያም! ክረምቱን ቆጥ ላይ ነው ያኖርኳት። ውሃ ቀርቶ ነቀዝ አልነካትም! እንደሌላው እህል ይያዟት ብለኸኝ የለ? ከአምና የተረፈ የነቀዝ ክኒን ነበረኝ። ለሌሎቹ አንዳንድ ፍሬ ሳደርግ፣ ያንተዋ አደራ ናት ብዬ፣ ሳልፈታት በስፌቱ ክፍተት ሦስት ጨመርኩባት። አፏንም በላስቲክ ጠቀለልኩ።"

ወንዳወቅ ቆመ። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ጎረቤቱ አንድ ጊዜ የነገረው ትዝ አለው። ክኒኑ ያለበት መጋዘን ውስጥ ሬዲዮ አታስቀምጥ፣ ጋዙ መዳብ ይበላል ብሎት ነበር፤ የሜሞሪዎቹ ጥርስ ደግሞ ከወርቁ ሥር መዳብ ነው። እንደሌላው እህል ይያዟት ያለው ደግሞ ማንም አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው።

"አራቱን ጆንያ ታጣቂዎች ጭነው ወሰዱት" ቀጠሉ እትዬ ባይነሽ። "ያንተዋን ሊያነሱ ሲመጡ ላይዋ ላይ ተቀመጥኩ። ይቺን ለዘር ተዉልኝ ብዬ አለቀስኩ። ተዉልኝ።"

"ከዚያ በኋላ ምን በሉ?"

"ምን እንበላለን? በለሱም ጎመኑም። ጎረቤትም ቢሆን ካለው አልነፈገንም።"

"ጆንያዋ ሙሉ ማሽላ እያለች?"

"አይፍቷት ብለኸኝ!" አሉት፣ ጥያቄው ገርሟቸው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አንድ ቀን የልጄ ልጆች ሲያለቅሱብኝ ክሩን ይዤ ነበር። አልዋሽህም፣ ይዤ ነበር። ተውኩት።"

ወንዳወቅ እዚያው የጎተራው ጭቃ አጠገብ ተቀመጠ። ፌስታሉን አውጥተው ማሽላውን ይብሉ ብሎ ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ያን ቃል ያኔም አላሰበው፣ ደሴም ሆኖ አላሰበው። ሲያስብ የከረመው ስለ ሜሞሪዎቹ ነበር። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮም አያውቅ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቱ ጨመደደው። ተጠያቂ የሚለው ቦታ ላይ የማን ስም እንደሚገባ አሁን ገባው።

እትዬ ባይነሽ እጃቸውን እያሻሹ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ለመሆኑ ተነሱልህ?"

"ተነሱ።"

"ስንት?"

"አራት።"

"ከስንቱ?"

ወንዳወቅ ቀና ብሎ አያቸው። ነሐሴ ላይ ሲለያቸው ጉንጫቸው እንዲህ የጎደጎደ አልነበረም።

"ከአራቱ፣ እትዬ።"

"ተመስገን!" አሉ እትዬ ባይነሽ። "እንግዲያ አንድም አልጎደለም በለኛ!"